ለድንበር ኬላ ዓለም አቀፍ ድጋፍ እንዴት ይጠየቃል?

ኬላ ሲጨናነቅ ቶሎ ወደ አፍ የሚመጣው ዕቃ ነው፤ ስካነር ይገዛልን፣ ኮምፒዩተር ይሰጠን። እኔ ግን ከዕቃው በፊት ሰዓት ይቀድማል ባይ ነኝ።

ስለዚህ ከኬላው በር ጀምሩ። አንድ የጭነት መኪና ደርሶ ሞተሩን ካጠፋበት ደቂቃ እስኪለቀቅ ያለውን ጊዜ መዝግቡ። ሾፌሩ ሰነዱን ይዞ ጉምሩክ ይገባል። ከዚያ ኢሚግሬሽን፣ ከዚያ የእንስሳትና ዕፅዋት ጤና፣ ከዚያ የጥራት ቁጥጥር። ያንኑ ወረቀት በየመስኮቱ ኮፒ ያስገባል። ድንበሩን ተሻግሮ ደግሞ ሁሉንም ከሀ ይጀምራል። የዓለም ጉምሩክ ድርጅት ለዚህ ዓይነት ልኬት የተዘጋጀ መመሪያ አለው። ጊዜው የትኛው መስኮት ላይ እንደሚያልቅ ከታወቀ፣ ምን መጠየቅ እንዳለበትም ይታወቃል። ችግሩ የማሽን እጥረት ሳይሆን መሥሪያ ቤቶቹ አለመነጋገራቸው ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ የማንን በር እንደምታንኳኩ ለዩ።

ለሸቀጥ፣ የዓለም ንግድ ድርጅት የንግድ ማሳለጫ ስምምነት አለ። ሥራ ላይ የዋለው የካቲት 2017 ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ታዳጊ አገሮች ግዴታዎቹን በሦስት ይከፍላሉ፦ አሁኑኑ የምንፈጽመው፣ ጊዜ የሚያስፈልገን፣ ጊዜም ድጋፍም የሚያስፈልገን። ሦስተኛውን ዝርዝር በጥንቃቄ የሞላ አገር ለጋሽ ፊት ሲቀርብ በእጁ የሚያሳየው ነገር አለው። ለጉምሩክ ኮምፒዩተር ሥርዓት የተባበሩት መንግሥታት የንግድና ልማት ተቋም አሲኩዳ የሚባል ሶፍትዌር አለው። ለመንገደኛ ምዝገባ ደግሞ ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት በ2009 ያዘጋጀው ሚዳስ የሚባል የኮምፒዩተር ሥርዓት አለ። ፓስፖርት ያነባል፣ ፎቶና አሻራ ይይዛል፤ መረጃው የመንግሥት ንብረት ሆኖ ይቀራል። ይህን የባለቤትነት ጉዳይ ከየትኛውም ለጋሽ ጋር ውሉ ላይ አስጽፉት።

ሕንፃ ከመሠራቱ በፊት ሕግ ይውጣ። በዛምቢያና በዚምባብዌ መካከል ያለው የቺሩንዱ ኬላ በ2009 መጨረሻ ወደ ጋራ ኬላ ሲለወጥ፣ መኪና ሁለት ጊዜ መቆሙ ቀረ፤ የመውጫውም የመግቢያውም ሥራ በሚገባበት አገር በኩል በአንድ ቦታ ያልቃል። ግን የአንዱ አገር መኮንን በሌላው አገር መሬት ላይ ሥልጣን እንዲኖረው በቅድሚያ ሕግ ማውጣት ግድ ነበር። ጃፓንና ሌሎች ለጋሾች የረዱት ይህን ጉልበት የሚጠይቅ ሥራ ጭምር ነው።

ከዚያ ጥገናው። በሸራ ተሸፍኖ የቆመ ስካነር ልብ ይሰብራል። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩን ማን ነዳጅ ይሞላል? መለዋወጫው ከየት ይመጣል? የሠለጠነው ባለሙያ ወደ ሌላ ኬላ ሲዛወር ማን ይተካዋል? ፕሮፖዛሉ ላይ ለእነዚህ በጀት ከሌለ አትፈርሙ።

አንድ ነገር ደግሞ እንዳይረሳ። ቁጥጥሩ ሲጠብቅ ነፍሱን ለማዳን የሸሸ ሰው አብሮ እንዳይመለስ። የ1951 የስደተኞች ስምምነት አንቀጽ 33 ስደተኛን ሕይወቱ ወይም ነፃነቱ አደጋ ላይ ወደሚወድቅበት ቦታ መመለስን ይከለክላል። ስለዚህ ሥልጠናው ስለ ሐሰተኛ ፓስፖርት ብቻ መሆን የለበትም። ጥገኝነት የሚጠይቅ ሰው መስኮቱ ላይ ሲቆም መኮንኑ ማንን እንደሚጠራና የት እንደሚያስቀምጠው ይወቅ።

ከዓመት በኋላ ልኬቱን ድገሙት። በዚያው ወር፣ በዚያው የሳምንቱ ቀን ይሁን፤ የመኸር ወቅት ሰልፍና የሌላ ጊዜ ሰልፍ አይወዳደሩም። ከጭነት መኪናው ጎን ቅርጫት ተሸክማ የምታልፈውን ትንሽ ነጋዴም ሰዓት ያዙላት።