ኳሱ ይሽከረከራል፣ ነጥቡ ንቅንቅ አይልም

ቪዲዮ ላይ የሚዞር ነገርን ነጥብ መርጦ በፕሮግራም ስለመከታተል ነው። ካሜራው አይነቃነቅም፣ ፎከሱ ተስተካክሏል፣ ኦፕንሲቪም (ምስልና ቪዲዮ የሚተነትነው የፕሮግራም ስብስብ) በደንብ ይሠራል ብዬ ነው የምነሳው።

ምልክት፦ ነጩ የፑል ኳስ ባለበት ይሽከረከራል። የምትከታተሉት ነጥብ ግን ቆሟል። ፕሮግራሙም "ዜሮ ፍጥነት" ይላችኋል።

ምክንያት፦ ትራከሩ (ነጥቡን ከፍሬም ፍሬም የሚከታተለው ፕሮግራም) የያዘው የመብራቱን ነጸብራቅ ነው። ሉካስ-ካናዴ የተባለው የነጥብ መከታተያ ዘዴ ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቆመው፣ የአንድ ነጥብ ብርሃን ከፍሬም ወደ ፍሬም አይለወጥም በሚል ግምት ላይ ነው። ለስላሳ ክብ ነገር ይህን ግምት ያፈርሰዋል። ነጸብራቁ ያለበትን ቦታ የሚወስኑት መብራቱ፣ ካሜራውና የገጹ ቅርጽ ናቸው፤ ኳሱ ቢዞርም እሱ አይዞርም። ነጥብ መራጩ ሺ-ቶማሲ ደግሞ ልሙጥ ኳስ ላይ ሌላ የሚይዘው ስለሌለው እሱን ይመርጣል።

ለማረጋገጥ ኳሱን አቁሙና መብራቱን አንቀሳቅሱ። ነጥቦቹ መብራቱን ከተከተሉ ተሸውዳችኋል።

አንድ ቦታ የሚዞር ጠርሙስ "ቆሟል" እየተባለ ውድ ካሜራ ተገዛ። ጥፋቱ የጣሪያው ፍሎረሰንት ነበር! አዲሱ ካሜራ ያንኑ ነጸብራቅ ይበልጥ አጥርቶ አሳያቸው። ሌላው ሰው ኳሱ ላይ ቆንጆ ምልክት ለጠፈ፤ ከዚያ እንዳይላጥ ብሎ በሚያብለጨልጭ ስኮች ሸፈነው። ምን ይባላል?

መፍትሄ፦ መብራቱን በነጭ ጨርቅ አለዝቡት። ኳሱ ላይ የማያብለጨልጭ ነጠብጣብ አድርጉ፣ ርቀታቸው የተዘበራረቀ ይሁን። እኩል ከተራራቁ ትራከሩ አንዱን በሌላው ይተካዋል። ኳሱን መንካት ካልተቻለ፣ በጣም ደማቅና ቀለም አልባ ፒክሰሎችን በማስክ (የማይፈለገውን የምስሉን ክፍል በሚሸፍን) አስወጡ፣ ማስኩንም ጥቂት ፒክሰል አስፉት። ፖላራይዘር (ነጸብራቅ የሚቀንስ የሌንስ ማጣሪያ) ፕላስቲክና መስታወት ላይ ይረዳል። ባዶ ብረት ላይ ግን ገንዘባችሁን አታባክኑ።

ተጠንቀቁ፦ መስኮቱን (ትራከሩ በነጥቡ ዙሪያ የሚያየውን ካሬ) ከ21 ወደ 51 ፒክሰል ማስፋት መፍትሄ አይደለም፤ ከኋላ ያለውን ጠረጴዛም አብሮ ይጎትታል። ነጥቡን በፍሬሞቹ ወደ ፊትና ወደ ኋላ አስኪዶ ወደ ተነሳበት መመለሱን ማመሳከርም አያድንም። ነጸብራቅ ሁለቱንም ጊዜ በታማኝነት ስለሚመለስ ፈተናውን ያልፋል። ይህን ሳያውቁ "አረጋግጠናል" የሚሉ ብዙ ናቸው።

ነጥቦች ጠርዝ ላይ ከተንሸራተቱ ጣሏቸው። የኳስ ጠርዝ ገጹ ላይ የተሰመረ ቋሚ መስመር አይደለም፤ ኳሱ በዞረ ቁጥር ሌላ የገጹ ክፍል ጠርዝ ይሆናል። የምትፈልጉት ቦታውን ብቻ ከሆነ ነጥብ መከተሉን ተዉት፤ ኳሱን በቀለሙ ለይታችሁ ጠርዙ ላይ ኤሊፕስ (ሞላላ ክብ) ግጠሙ።

ኳሱ ተለጥጦ ከታየ የሸተር ጊዜውን (ካሜራው ለአንድ ፍሬም ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ) አሳጥሩ።

ምስሉ በ50 ኸርዝ መብራት ብልጭ ድርግም ካለ ሸተሩን 1/50 ወይም 1/100 ሰከንድ አድርጉት።