በመከራከሪያ ጽሑፍና በጥናት ወረቀት ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የመመረቂያ ጊዜ ሲቃረብ በሀዋሳ ዩኒቨርሲቲና በከተማዋ ኮሌጆች አካባቢ ያሉ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች ሥራ ይበዛባቸዋል። በዚያ ሰዓት ተማሪውን የሚያስጨንቀው የኅዳጉ ስፋት፣ የገጹ ቁጥርና የጥራዙ ቀለም ነው፤ አማካሪውና ፈታኙ ወረቀቱን የሚተቹት ግን ብዙውን ጊዜ በሌላ ምክንያት ነው። ከባዶቹ ስህተቶች የሚፈጸሙት መጻፍ ከመጀመሩ በፊት፣ ጥያቄው ሲመረጥና ምን ማስረጃ እንደሚበቃ ሲወሰን ስለሆነ ከዚያው መነሳት ይሻላል።

ማንም የማይቃወመውን ሐሳብ እንደ አቋም መያዝ

«የሀዋሳ ሐይቅ ከብክለት ሊጠበቅ ይገባል» ብሎ የሚነሳ ተማሪ አሥር ገጽ ቢጽፍም የሚያሳምነው ሰው አያገኝም፤ ሐይቁ ይበከል የሚል ተከራካሪ የለምና። አቋም የሚባለው አስተዋይ ሰው ምክንያት ጠቅሶ ሊቃወመው የሚችለው ሐሳብ ነው። ያንኑ ርእሰ ጉዳይ ሳይለቁ እንዲህ ማለት ይቻላል፦ ሐይቁ በገጸ ምድር የሚወጣበት ወንዝ ስለሌለው የገባው ደለል እዚያው ይቀራል፤ ስለዚህ ለጥበቃው የተመደበ ገንዘብ ዳርቻውን ለማጽዳት ከሚውል ይልቅ ጥቁር ውሃ ወንዝ የሚያሰባስበውን የላይኛውን ተፋሰስ ለመንከባከብ ቢውል ይሻላል። ይህን የሚቃወም ሰው ይገኛል። ከከተማው ጎርፍ ጋር በቀጥታ ወደ ሐይቁ የሚገባው ቆሻሻ ይብሳል ሊል ይችላል፤ ያኔ ተማሪው የሁለቱን መጠን የሚያነጻጽር መረጃ ለመፈለግ ይገደዳል። ጥሩ አቋም የሚታወቀውም የሚፈለገውን መረጃ ራሱ ስለሚጠቁም ነው።

ማስረጃው አቋሙን እንዴት እንደሚደግፍ ሳያስረዱ ማለፍ

እንግሊዛዊው ፈላስፋ ስቴፈን ቱልሚን እ.ኤ.አ. በ1958 ባቀረበው የክርክር ትንታኔ ከአቋምና ከማስረጃ ሌላ ሁለቱን የሚያስተሳስር ምክንያት እንዳለ አሳይቷል፤ በተማሪዎቻችን ጽሑፍ ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ይህ ሦስተኛው ነው። ለምሳሌ አንድ ጽሑፍ የሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ከተመረቀ በኋላ የቤት ኪራይ መጨመሩን ጠቅሶ «ስለዚህ ኪራዩን ያስወደደው ፓርኩ ነው» ብሎ ይደመድማል እንበል። ድምዳሜው እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን በነዚያው ዓመታት በዲላ ወይም በሻሸመኔ ኪራይ በምን ያህል እንደጨመረ ካልታየ የአገሩን ጠቅላላ የዋጋ ንረት ከፓርኩ ተጽዕኖ ለይቶ ማወቅ አይቻልም። ከዚህ ጋር ሳይነሳ የማይታለፈው የተረትና ምሳሌ ነገር ነው። በኅብረት ሥራ ማኅበራት ላይ የሚጽፍ ተማሪ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብሎ አንቀጹን ሲዘጋ የተረጋገጠ ነገር ያቀረበ ይመስለዋል። ተረቱ ጽሑፉን ያሳምረው ይሆናል፤ የማኅበሩ አባላት ገቢ ስለ መጨመሩ ግን የሚነግረን ነገር የለም።

ተቃራኒውን ወገን አሳንሶ ማቅረብ

ባጃጅ ከዋና ዋና መንገዶች ይታገድ ብሎ የሚጽፍ ሰው የአሽከርካሪዎቹን ኑሮና ሌላ ትራንስፖርት የሌለውን ተሳፋሪ ችግር በአንድ መስመር ካለፈው፣ አንባቢው ያልተመለሰውን ጥያቄ ይዞ ያነባል። የተቃዋሚው ሐሳብ ባለቤቱ ራሱ ሊቀበለው በሚችል አኳኋን ከቀረበ በኋላ ነው መልስ ሊሰጠው የሚገባው።

አስተያየት ለክቶ መንስኤ አገኘሁ ማለት

በኔ ግምት ከሁሉ የበለጠ ጊዜና ገንዘብ የሚባክንበት ስህተት ይህ ነው። ተማሪው በሀዋሳ ሐይቅ ቆሮሶ የተባለው ዓሣ ለምን እንደቀነሰ ለማጥናት ይነሳና አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ በጠዋት ደርሶ ያገኛቸውን አሥጋሪዎች «በጣም እስማማለሁ» እስከ «በፍጹም አልስማማም» በሚሉ አምስት አማራጮች ይጠይቃል። ከመቶ ሰባው ጠባብ ዓይን ያለው መረብ ነው ቢሉት «የዓሣ መቀነስ ዋና መንስኤ ጠባብ መረብ ነው» ብሎ ይጽፋል። ያገኘው ግን አሥጋሪዎች ስለ መንስኤው ምን እንደሚያስቡ ነው፤ መንስኤውን ለማወቅ የመረቡን ዓይን መለካት፣ የተያዘውን ዓሣ ርዝመትና ክብደት መመዝገብ፣ የየዓመቱን ምርት ማነጻጸር ያስፈልጋል። አቅሙ ከሌለ አሳፋሪ ነገር የለበትም፤ ርእሱን «አሥጋሪዎች ስለ ዓሣ መቀነስ ያላቸው ግንዛቤ» ብሎ ማስተካከል ይበቃል።

የናሙናው ነገር ችግሩን ያብሰዋል። የናሙናን መጠን ለማስላት በጥናት ወረቀቶቻችን በብዛት የሚገኘው የያማኔ ቀመር የስህተት ወሰኑን በራሱ ያበዛል፣ ውጤቱን በጠቅላላው ቁጥር አባዝቶ አንድ ይደምርበታል፣ ከዚያም ጠቅላላውን ቁጥር ለዚህ ድምር ያካፍላል፤ አሥጋሪዎቹ 1,200 ናቸው ቢባልና የስህተት ወሰኑ 5 ከመቶ (0.05) ቢሆን ናሙናው 300 ሰው ይሆናል። ስሌቱ ትክክል ሆኖ ሳለ ጥናቱ ስህተት ሊሆን የሚችለው ቀመሩ እያንዳንዱ ሰው በዕጣ የመመረጥ እኩል ዕድል አለው ብሎ ስለሚነሳ ነው። በዚያ ጠዋት ገበያ ያልመጣ፣ በሌላ ዳርቻ የሚያሠግር ወይም ሌሊት ሠርቶ የተኛ ሰው ዕድሉ ዜሮ ነበር። ስለዚህ የስም ዝርዝር ከማኅበራቱ ወስዶ በዕጣ መምረጥ ይገባል፤ ይህ ካልተቻለ ቀመሩን ትቶ ናሙናው በአመቺነት የተመረጠ መሆኑን በግልጽ መጻፍ ይሻላል። ከ300 ሰው የተሰበሰበ የተዛባ መልስ በብዛቱ አይቃናም።

ዓመተ ምሕረት ሳይለዩ ቁጥር መጻፍ

ትንሽ የሚመስል ግን ሙሉ ሠንጠረዥ የሚያበላሽ ስህተት ነው። ሦስተኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው እ.ኤ.አ. በ2007 ሲሆን በእኛ አቆጣጠር አብዛኛው ሥራ የተከናወነው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከእንግሊዝኛ ሪፖርት ቁጥሩን የገለበጠ ተማሪ በአማርኛ ጽሑፉ «በ2007 የተካሄደው ቆጠራ» ብሎ ሲያልፍ አንባቢው ቆጠራ ያልነበረበትን 2007 ዓ.ም. ይረዳል። ከሁሉም የፈረንጅ ዓመት ስምንት መቀነስም አያዋጣም፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ አካባቢ ልዩነቱ ሰባት ዓመት ነው። በተጨማሪም ሲዳማ ራሱን የቻለ ክልል የሆነው በ2012 ዓ.ም. ስለሆነ፣ በቆጠራው ጊዜ በደቡብ ክልል ውስጥ የነበረውን ዞን ቁጥር «ሲዳማ ክልል» በሚል ርእስ ሥር ያለ ማብራሪያ ማስቀመጥ ፈታኙን ያሳስታል።

የቀድሞ ጥናቶችን እንደ ስም ጥሪ መደርደር

«እገሌ እንዲህ አለ፤ እገሌም እንዲህ አለ» እያለ የሚሄድ ምዕራፍ ከቀድሞ ጥናቶች መካከል የትኞቹ እንደሚስማሙ፣ የትኞቹ እንደሚጋጩና ያልተነካው ጥያቄ የቱ እንደሆነ አያሳይም። ፍለጋውም ቢሆን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ የቆዩ ጽሑፎች ከተማዋን «አዋሳ» ስለሚሏትና ዩኒቨርሲቲው ቀድሞ «ደቡብ ዩኒቨርሲቲ» ይባል ስለነበር በአዲሱ ስም ብቻ የሚፈልግ ሰው ብዙ ጠቃሚ ሥራ ያመልጠዋል። ከቻትቦት የተገኘ የዋቢ ዝርዝር ደግሞ ትክክለኛ የሚመስል ግን የሌለ መጽሔትና ደራሲ ሊይዝ ስለሚችል፣ ጽሑፉን ራሱን ከፍቶ ያላነበበ ተማሪ በዋቢነት ሊጠቅሰው አይገባም።

የፕሮፖዛሉን ግሥ በመጨረሻው ወረቀት መተው

ፕሮፖዛሉ ስለሚመጣው ሥራ ስለሚናገር «መረጃ ይሰበሰባል»፣ «300 ሰዎች ይመረጣሉ» ይላል። ጥናቱ ካለቀ በኋላ ያው ምዕራፍ ሳይታረም ሲገባ ፈታኙ የሚያነሳው ጥያቄ ከሰዋስው ያልፋል፦ በእርግጥ ስንት ሰው ተመረጠ፣ ስንቱ መጠይቁን መለሰ፣ ከታቀደው የተለየው ምንድን ነው? የዘዴ ምዕራፉ በኃላፊ ጊዜ እንደገና ሲጻፍ 300 መጠይቅ ተሰራጭቶ የተመለሰው 262 ከሆነ ይኸው ቁጥር ከነምክንያቱ ሊሰፍር ይገባል።