የመመረቂያ ፊልማችሁን ከማቅረባችሁ በፊት

የመመረቂያ ዶክመንተሪ የምታቀርቡ ተማሪዎች፣ እባካችሁ በዩቲዩብ ሊንክ አትተማመኑ። ኔትወርክ የሚጠፋው ያን ሰዓት ነው። ቪዲዮውን ኤክስፖርት ስታደርጉ ፎርማቱን ኤምፒ4፣ ኮዴኩን (ቪዲዮው የሚታመቅበትን ዘዴ) ኤች.264 አድርጉት፤ አብዛኛው ኮምፒውተር ያለ ችግር ይከፍተዋል። ከዚያ ፋይሉን ራሱን ፓወርፖይንቱ ውስጥ አስገቡት። ፍላሻችሁ ፎርማት የተደረገው በፋት32 ከሆነ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም፤ ፎርማት ሲደረግ ስለሚጠፋ ውስጡ ያለውን ሌላ ቦታ ገልብጣችሁ በኤክስፋት ፎርማት አድርጉት።

እኔን ያስለቀሰኝ ግን ፎንቱ ነው። ቤት ውስጥ ስንት ሌሊት የደከምኩበት የአማርኛ ርዕስ፣ አዳራሹ ኮምፒውተር ላይ ባዶ ሳጥን ብቻ ተደርድሮ ወጣ። ፈታኞቹ ፊት ቆሜ በቃሌ አነበብኩላቸው። መላው እኮ ቀላል ነበር፦ ፓወርፖይንት ላይ ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ ሴቭ ውስጥ ገብታችሁ ፎንቱ ከፋይሉ ጋር አብሮ እንዲቀመጥ ምልክት ማድረግ። የፒዲኤፍ ቅጂም ያዙ። ቪዲዮው ላይ የተጻፈው ጽሑፍ ከምስሉ ጋር ስለሚዋሃድ አያሰጋም።

ኮምፒውተሩን ከፕሮጀክተሩ የሚያገናኘውን የኤችዲኤምአይ ገመድ ስትሰኩ ድምፁ ወደ ፕሮጀክተሩ ሊሄድ ይችላል። ከስክሪኑ ታች ያለችውን የድምፅ ምልክት ተጭናችሁ መውጫውን ወደ አዳራሹ ስፒከር መልሱት፤ ይህንንም ሰው ሳይገባ ሞክሩት።