የማይደጋገም ንጣፍ እንዴት ይሠራል? የፔንሮዝ ሮምበሶች በካርቶንና በኮምፒውተር

ካሬና ባለ ስድስት ጎን ቅርጽ ወለል ያለ ክፍተት ይሸፍናሉ። ጎኖቹም ማዕዘኖቹም እኩል የሆኑ አምስት ማዕዘን ግን አይችልም፤ ሦስቱ ሲገጠሙ 36 ድግሪ ክፍት ይቀራል። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ሮጀር ፔንሮዝ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያገኛቸው ሁለት ሮምበሶች (አራት እኩል ጎን ያላቸው ቅርጾች) ባለ አምስት አቅጣጫ የመሽከርከር ሥርዓት ያለው፣ የቱንም ያህል ቢሰፋ ራሱን የማይደግም ንጣፍ ይሰጣሉ።

ጠንካራ ካርቶን፣ ስለታም መቁረጫ፣ ማስመሪያ፣ ኮምፓስ፣ ቀይና ሰማያዊ እስክሪብቶ አዘጋጁ። የሁሉም ጎን 5 ሴ.ሜ. ነው። የሰፊው ሮምበስ ማዕዘኖች 72 እና 108፣ የቀጭኑ 36 እና 144 ድግሪ ናቸው። ማዕዘኑን በፕሮትራክተር አትለኩ፤ የ1 ድግሪ ስህተት ጫፉን በ0.9 ሚ.ሜ. ገደማ ያዛንፋል። ይልቅ ሁለት መስመሮች መሐል ለመሐል በ90 ድግሪ አቋርጡና ጫፎቹን አገናኙ፦ ለሰፊው 8.09 እና 5.88 ሴ.ሜ.፣ ለቀጭኑ 9.51 እና 3.09 ሴ.ሜ.። መጀመሪያ አምስት ሰፊዎች ብቻ ቆርጣችሁ ሹል ጫፎቻቸውን ባንድ ነጥብ ግጠሙ። ኮከቡ ካልተዘጋ ወይም ከተደራረበ መለኪያውን አስተካክሉ። ከዚያ በድምሩ 50 ሰፊና 31 ቀጭን ይበቃል፤ ንጣፉ በሰፋ ቁጥር የሁለቱ ንጽጽር ወደ 1.618 ይጠጋል።

ዋናው ሥራ ቀለሙ ነው። ያለ ቀለም እነዚሁ ሮምበሶች ተራ፣ ተደጋጋሚ ንጣፍ ሊሆኑ ይችላሉ። በሰፊው አንድ የ72 ድግሪ ጫፍ ላይ ኮምፓሱን ተክላችሁ በ4 ሴ.ሜ. ሬዲየስ ቀይ ቅስት፣ በተቃራኒው የ72 ጫፍ በ1 ሴ.ሜ. ሰማያዊ ቅስት አስምሩ። በቀጭኑ አንድ የ144 ጫፍ ላይ 1 ሴ.ሜ. ቀይ፣ በሌላው የ144 ጫፍ 1 ሴ.ሜ. ሰማያዊ። ሕጉ አንድ ነው፦ ሁለት ጎኖች ሲነካኩ ቀይ ከቀይ፣ ሰማያዊ ከሰማያዊ መቀጠል አለበት። ማዕዘኖቹ ብቻ ቢታዩ በአንድ ነጥብ ዙሪያ 54 ዓይነት አገጣጠም ይቻላል፤ ሕጉ የሚፈቅደው 7 ብቻ ነው።

ከአምስት ሰፊዎች ኮከብ ጀምሩ፤ ቀይ ጫፎቻቸው መሐል ላይ ሲሆኑ ቅስቶቹ ሙሉ ክብ ይሆናሉ። ሁልጊዜ አንድ ምርጫ ብቻ ያለውን ክፍተት አስቀድማችሁ ሙሉ። ምንም የማይገባበት ክፍተት ሲያጋጥም የመጨረሻውን ቁራጭ ብቻ ማንሳት ብዙ ጊዜ አያድንም፤ ሕጉ የሚጠብቀው ጎረቤትን ብቻ ስለሆነ ስህተቱ ከብዙ እርምጃ በፊት የተሠራ ሊሆን ይችላል።

ለትልቅ ንጣፍ ካርቶን ከመገጣጠም በኮምፒውተር እያንዳንዱን ቅርጽ ወደ ትናንሾች ማከፋፈል ይሻላል። ሰፊውን በረጅሙ፣ ቀጭኑን በአጭሩ ሰያፍ ክፈሉት። በሁለቱም ግማሾች ሀ በተከፈለው ሰያፍ ላይ የሌለው ጫፍ ነው፤ ለ የቀይ፣ መ የሰማያዊ ቅስት ጫፍ ነው። በቀጭኑ ግማሽ፣ ከሀ ወደ ለ በጎኑ ርዝመት 0.618 እጅ ርቀት ላይ ነ የሚባል ነጥብ አድርጉ፤ መነለ ቀጭን፣ ነመሀ ሰፊ ግማሽ ይወጣል። በሰፊው፣ ከለ ወደ ሀ 0.618 ላይ ሰ፣ ከለ ወደ መ 0.618 ላይ ረ፤ ረመሀ እና ሰረለ ሰፊ፣ ረሰሀ ቀጭን ይሆናሉ። የፊደሎቹ ቅደም ተከተል በሚቀጥለው ዙር ሀ፣ ለ፣ መ የሚሆኑትን ይወስናል፤ ከተዛባ ጎኖቹ አይገጥሙም። በአሥር ቀጭን ግማሾች ክብ ከጀመራችሁ፣ አንዱን እየዘለላችሁ እንደ መስታወት ምስል ገልብጡ። ከ6 ዙር በኋላ 890 ቀጭንና 1440 ሰፊ ግማሾች ይኖሯችኋል።

አሁን ጫፎቹን ሁሉ ወደ ነጥብ ቀይራችሁ የፉሪየር ትራንስፎርም (በምስል ውስጥ ያለውን ሥርዓት የሚያወጣ ስሌት) ውሰዱ። የምስሉን ዳር ቀስ በቀስ ወደ ዜሮ አደብዝዙ፤ አለዚያ ካሬው ጠርዝ ውጤቱ ላይ የመስቀል ቅርጽ ይጥላል። የሚታየው አሥር አቅጣጫ ያለው፣ ጥርት ያለ የነጥቦች ንድፍ ነው። እስራኤላዊው ሳይንቲስት ዳን ሼክትማን እ.ኤ.አ. በ1982 በአሉሚኒየምና ማንጋኒዝ ውህድ ላይ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ያየው ይህንኑ የመሰለ ነበር። ተደጋጋሚ ክሪስታል 2፣ 3፣ 4 እና 6 አቅጣጫ የመሽከርከር ሥርዓት ብቻ ስለሚፈቅድ ብዙዎች ለማመን ተቸገሩ። ዛሬ እንዲህ ያለው ቁስ ኳዚክሪስታል ይባላል፤ ግኝቱም እ.ኤ.አ. በ2011 የኬሚስትሪ ኖቤል አስገኝቶለታል።