ለስኳር ሕመም ምርምር በሳይክል፦ ቡድን ከመግባታችሁ በፊት

ባሕር ዳር ላይ ሳይክል ብርቅ አይደለም። ለስኳር ሕመም ምርምር ገንዘብ የሚያሰባስብ ቡድን ልግባ ብሎ የሚመጣ ሰውም መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ርቀቱ ነው። እኔ ግን የቡድናችን ገንዘብ ያዥ ነኝ፤ የምጀምረው ከብሩ ነው።

ብሩ የት ይገባል? ይህን ሳትጠይቁ ስማችሁን አታስመዝግቡ። ሂሳቡ በአንድ ሰው ስም ከሆነ ይቅርባችሁ። በጥምር ፊርማ የሚንቀሳቀስ፣ ለተቀባዩ ተቋምም በደረሰኝ ገቢ የሚሆን መሆን አለበት። ማን ምን እንደሚያጠና በጽሑፍ ይታያችሁ። ለኢንሱሊን መግዣ የተሰበሰበና ለምርምር የተሰበሰበ ብር አይቀላቀልም።

ሰው ይጠይቃችኋላ! «ልጄ፣ መድኃኒቱ ሳይዳረስ የምን ምርምር ነው?» የሚሉ አባት አይጠፉም። እውነት አላቸው፤ አትከራከሯቸው። እኔ የምነግራቸው ስለ ጎንደር ነው። ስኳር የሀብታምና የወፍራም በሽታ ነው ሲባል ኖሯል። እዚያ የሚሠሩ ሐኪሞች ግን እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት ከገጠር የሚመጡ፣ ድሃና ከሲታ የሆኑ፣ ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው ታማሚዎችን አሳዩ። የምግብ እጥረት እጁ አለበት ወይ የሚለውን ጥያቄም እንደገና አነሡት። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን ስኳር «ዓይነት 5» ብሎ የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ2025 ነው። የእኛ ገበሬ በጥናቱ ካልገባ ሕክምናው በሌላ ሰው ልክ እንደተሰፋ ልብስ ይሆንበታል። ይህን ሲሰሙ ብዙዎቹ እጃቸው ወደ ኪስ ይሄዳል።

አጠያየቁ ላይ፣ በኪሎ ሜትር ቃል ማስገባት ጥሩ ዘዴ ነው። በኪሎ ሜትር 5 ብር ያለ ሰው 60 ኪሎ ሜትር ስትነዱ 300 ብር ይሰጣል። እኛ አገር ግን «በሒሳብ አታድክመኝ፣ እንካ» የሚለው ይበዛል። ሁለቱንም ተቀበሉ። እድር ላይ ከመናገራችሁ በፊት ዳኛውን አስፈቅዱ። በቴሌብር የላከውንም በጥሬው የሰጠውንም እዚያው መዝግቡ፤ «ስሜ አይጻፍ» ያለውን ደግሞ አትጻፉ።

ለጉዞው የሚመቸው የዓለም የስኳር ሕመም ቀን ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ኅዳር 5 ላይ ይውላል። ክረምቱ ወጥቷል፣ የነቢያት ጾም ገና አልገባም። ልምምዱን ከመስቀል በኋላ ጀምሩ። መጀመሪያ ከተማው ውስጥ፣ ቀጥሎ እስከ መሸንቲ፣ በመጨረሻ መራዊ። መራዊ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ደርሶ መልስ ለጀማሪ ይበቃል። መንገዱ ሰላም መሆኑን በዋዜማው ሳታጣሩ አትውጡ። ካልሆነ ከተማው ውስጥ እየዞራችሁ ኪሎ ሜትሩን ሙሉት፤ ለጋሹ ቅር አይለውም። ሳይክሉ ውድ መሆን የለበትም። ፍሬኑ ይያዝ፣ ከመነዳሪ መለዋወጫና መንፊያ ይኑር፣ ሄልሜት ይደረግ። አይሱዙ ሲመጣ በአንድ መስመር መሄድ ነው፤ ጎን ለጎን ወሬ መራዊ ስትደርሱ።

ከሁሉ በላይ የማስቸግራችሁ በዚህ ነው። ስኳር ያለበት ነጂ አብሯችሁ ካለ ሐኪሙን አማክሮ ይምጣ። የእኛዎቹ ክንዳቸው ላይ ቀይ ጨርቅ ያስራሉ፤ አጠገባቸው ያለው ሰው እንዲያውቅ። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ከመነሣቱ በፊትም በየዕረፍቱም ይለካ። ስኳሩ ከ70 mg/dL በታች ከሆነ ይቁም። ላብ ላብ ካለው፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ነገር ከተምታታበትም ይቁም፤ «ደህና ነኝ» ቢል አትስሙት። ግማሽ ጠርሙስ ኮካ ወይም ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ ስጡት። ስኳር አልባውን ለስላሳ አይደለም! ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለካ፤ ካልተስተካከለ ድገሙት። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አትስጡ፣ በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። ኢንሱሊኑ ፀሐይ በሚመታው ቦርሳ አይቀመጥ። ቆሎና ሙዝ ለሁላችሁም ይያዝ። በጾም ቀን ሳትበሉ ረጅም መንገድ አትውጡ፤ ነጂው ጤነኛ ቢሆንም።

ጉዞው ካለቀ በኋላ ቃል ገብቶ ያልከፈለ አይጠፋም። አንድ ጊዜ ደውሉ፤ ካልሆነ ተዉት፣ ቂም አትያዙ። ጠቅላላ ድምሩንና ገቢ የተደረገበትን ደረሰኝ ፎቶ አንሥታችሁ በዚያው ሳምንት ለሰጪዎቹ ሁሉ በቴሌግራም ላኩ። ስልክ ለሌላቸው እኔ ወረቀቱን ይዤ እድር ላይ አነባለሁ።