ሶሌታው የተሰነጠቀው በፒፒሲ ነው?

ባለፈው መጋቢት ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ አካባቢ፣ የአንድ ዘመዴን ሶሌታ (የኮንክሪት ጠፍጣፋ ወለል) ሞላን። 7 ሰዓት ላይ አለቀ። ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ከጣና በኩል ነፋሱ ተነስቷል። ምሳ በልተን ስንመለስ ላዩ ላይ ቀጫጭን ስንጥቆች ተጋድመዋል። ፎርማኑ ወዲያው "ፒፒሲ ስለሆነ ነው" አለ፤ ፒፒሲ የተፈጨ ድንጋይ የተቀላቀለበት ሲሚንቶ ነው።

ጥፋቱ ግን የእኛው ነበር። ኮንክሪት ሳይጠነክር ከላዩ የሚተነው ውሃ ከውስጥ ወደ ላይ ከሚወጣው ከበለጠ ቆዳው ተኮማትሮ ይሰነጠቃል። ፒፒሲ ደግሞ ፓሚስ የሚባለው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ስላለበት ቀስ ብሎ ነው የሚይዘው፣ ስለዚህ ለፀሐይና ለነፋስ የሚጋለጥበት ሰዓት ይረዝማል። በበጋ ከሞላችሁ ንጋት ላይ ጀምሩ፣ ካልሆነ ከ10 ሰዓት በኋላ። ካሳፎርማውን (ኮንክሪቱ የሚፈስበትን ቅርጽ ማውጫ) ቀድማችሁ አርጥቡ። ላዩን አስተካክላችሁ እንደጨረሳችሁ ፕላስቲክ አልብሱት፤ ሰው ምሳ ይሂድ፣ ፕላስቲኩ ግን ይቅደም።

ሌላው ጣጣ ውሃ ነው። የፓሚስ ዱቄት ውሃ ይጠጣል፣ ቡኮው ደረቅ ይመስላል፣ የሚክሰሩ ልጅ "ትንሽ ላቅጥነው" ብሎ አንድ ባልዲ ይጨምራል። ያ ባልዲ በኋላ ሲተን ኮንክሪቱ ይሰበሰባል። ለ50 ኪሎ ሲሚንቶ ከ25 ሊትር አትለፉ፣ አሸዋው እርጥብ ከሆነ ደግሞ ከዚያም ቀንሱ። በልኩ የተቦካውም ቢሆን ሲደርቅ በሜትር ግማሽ ሚሊ ገደማ ማጠሩ አይቀርም፣ ስለዚህ መሬት ላይ ለሚሞላ ወለል በየ3 ሜትሩ መገጣጠሚያ ተዉለት።

ከፓሚስ ሌላ ሲሚንቶ ውስጥ የሚገቡም አሉ። ስላግ፣ ማለትም ብረት ሲቀልጥ የሚቀረው አተላ ተፈጭቶ ሲገባ፣ ኮንክሪቱ ከተሞላ በኋላ ውሃ በደንብ ከጠጣ በድርቀት የሚመጣው መሰብሰብ ከተራው ሲሚንቶ ብዙም አይርቅም። የሚቦካበት ውሃ በጣም ካነሰ ግን ሲሚንቶው ራሱ የውስጡን ውሃ ይጨርስና፣ ምንም ሳይተን ከውስጥ ይኮማተራል። ሲሊካ ፊዩም (ከሲሊከን ማቅለጫ ጭስ የሚሰበሰብ በጣም ደቃቅ ዱቄት) በዚህ ይብሳል፣ ወደ ላይ የሚወጣ ውሃም አይሰጥም። ፍላይ አሽ (የድንጋይ ከሰል ማመንጫ አመድ) ቅንጣቶቹ ድቡልቡል ስለሆኑ በትንሽ ውሃ ይላወሳል፣ ስለዚህ ብዙ ጊዜ መሰብሰቡን ይቀንሰዋል።

ማጠጣት ሲባል ጠዋትና ማታ በባልዲ መርጨት አይደለም፣ በመሃል ይደርቃል። የሶሌታውን ጠርዝ በአሸዋ ከልላችሁ ውሃ አቁሩበት፣ ወይም ጆንያ አልብሳችሁ ሁልጊዜ እርጥብ ይሁን። ለኦፒሲ (ለተራው ሲሚንቶ) 7 ቀን፣ ለፒፒሲ 14 ቀን።

ስንጥቁ ኮንክሪቱ ገና ለስላሳ ሳለ ከታየ በእንጨት ማለስለሻ መልሶ መዝጋት ይቻላል። እኛ ያን ሰዓት ምሳ ላይ ነበርን።