በጉዞ ላይ ከጓደኞች ጋር የኩባ ሲጋር እንዴት ይጨሳል? ከመግዛት እስከ መጨረሻዋ አመድ

መጀመሪያ እንግባባ፣ እኔ የማወራው ስለ ሲጋር ነው እንጂ ስለ ሲጋራ አይደለም። ሲጋራ በር ላይ ቆመው በአምስት ደቂቃ የሚጨርሱት ነገር ነው፣ ሲጋር ግን እንደ ቡናችን ነው፣ አቦል ቶና በረካ እስኪባል አብሮ የሚቀመጥ ሰው ይፈልጋል፣ ብቻዬን አጭሼው ደስ ያለኝ ቀን ትዝ አይለኝም። የጤናውንም ነገር ሳልናገር አላልፍም፣ ጭሱ ወደ ሳንባ ባይገባ እንኳን ለአፍና ለጉሮሮ ካንሰር ያጋልጣል፣ ኒኮቲኑም ሱስ ያስይዛል፣ ስለዚህ የማያጨስ ሰው በኔ ምክንያት እንዲጀምር አልፈልግም። እኔ ራሴ በዓመት ሶስት አራቴ፣ ጉዞ ስንወጣ ብቻ ነው።

አብዛኛውን የተማርኩት ከጀርመን አራት ሆነን ሃቫና የሄድን ጊዜ ነው። ከመሀላችን ትልቁ፣ ጋሼ የምንላቸው፣ ከኦጋዴን ጦርነት በኋላ ለትምህርት ወደ ኩባ ከተላኩት የኢትዮጵያ ልጆች አንዱ ናቸው፣ ያደጉት ኢስላ ዴ ላ ሁቬንቱድ በምትባለው ደሴት ላይ ነው፣ ስፓኒሹን ከኛ አማርኛ በላይ ያቀላጥፉታል።

እንግዲህ ሱቅ ከመግባታችሁ በፊት ስንት ሰዓት አብራችሁ እንደምትቀመጡ አስቡ፣ ብራንዱ ከዛ በኋላ ይመጣል። የሲጋር ርዝመት በሚሊሜትር ነው የሚለካው፣ ውፍረቱ ደግሞ ሪንግ ጌጅ በሚባል ቁጥር ነው፣ አንድ ሪንግ የኢንች 1/64 ነው፣ ስለዚህ 50 ሲሏችሁ ወደ 2 ሳንቲሜትር የሚጠጋ ውፍረት ማለት ነው። ከእራት በፊት ትንሽ ጊዜ ብቻ ካላችሁ ሞንቴክሪስቶ ቁጥር 4 ይበቃል፣ 129 በ42 ነው፣ ግማሽ ሰዓት አለፍ ቢል ነው። ከእራት በኋላ ለሚሆን ወሬ ሮቡስቶ የሚባለው መጠን (124 በ50) አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል፣ ፓርታጋስ ሴሪ ዴ ቁጥር 4 እሱ ነው። 178 በ47 የሆነው ቸርችል ግን ነገ ጠዋት በረራ የሌለበት ማታ ነው የሚወጣው፣ አንድ ሰዓት ተኩል ሁለት ሰዓት ይሄዳል። ሁላችሁም ተቀራራቢ መጠን ያዙ፣ አንዱ ጨርሶ ስልኩን ሲነካካ ሌላው ገና ግማሽ ላይ ከሆነ ጨዋታው ይበተናል።

ጥንካሬም አለ። ከተክሉ አናት ላይ ፀሐይ የጠገበው ቅጠል ሊሄሮ ይባላል፣ ጉልበቱ ከሱ ነው የሚመጣው፣ ከመሀል ያለው ሴኮ ሽታውን ይሰጣል፣ ከታች ያለው ቮላዶ ደግሞ እሳቱ እንዳይጠፋ ያደርጋል። ቦሊቫርና ፓርታጋስ ጠንከር ይላሉ፣ ለጀማሪ ኦዮ ዴ ሞንቴሬይ ወይም ኤች አፕማን ይሻላል።

አሁን ወደ መግዛቱ፣ እዚህ ላይ እባካችሁ ተጠንቀቁ። ሃቫና በገባን በማግስቱ ጋሼ ሆቴል ተኝተው እኛ መንገድ ላይ አንድ ሰውዬ አገኘን፣ ዘመዴ ፋብሪካ ነው የሚሰራው፣ ዛሬ የሰራተኞች ኮፕሬቲቭ ቀን ስለሆነ በግማሽ ዋጋ ይሸጣል አለን፣ ተከትለነው ሄደን ክዳኑ መስታወት የሆነ ኮሂባ (ውዱ የኩባ ብራንድ) አንድ ሳጥን ገዛን። ጋሼ አንዱን አነሱና ጆሯቸው አጠገብ ይዘው በጣታቸው ጫን ጫን አደረጉት፣ እንደ ደረቅ ቅጠል ተንኮሻኮሸ፣ ከዛ በጥፍራቸው ሲሰነጥቁት ከጫፍ እስከ ጫፍ የሄደ ረጅም ቅጠል መኖር ሲገባው ፍርፋሪ ጠረጴዛው ላይ ረገፈ። ምንም አላሉንም፣ ዝም ብለው ፍርፋሪውን በእጃቸው ጠረጉት፣ ያ ነገር እስካሁን ያሳፍረኛል።

ስለዚህ መንገድ ላይ አትግዙ። ላ ካሳ ዴል ሃባኖ የሚባሉ ኦፊሻል ሱቆች ሃቫናም ሌሎች ብዙ አገሮችም ውስጥ አሉ። ሳጥኑ ላይ በፈረንጆቹ ከ1912 ጀምሮ ያለው አረንጓዴና ነጭ የመንግስት ማኅተም መኖሩን፣ አዲሶቹ ላይ ደግሞ ሆሎግራሙን እዩ፣ ከዛ ሳጥኑን ገልብጡት፣ ኤቾ ኤን ኩባ (በኩባ የተሰራ) እና ቶታልሜንቴ ኣ ማኖ (ሙሉ በሙሉ በእጅ) የሚሉት ቃላት በትኩስ ብረት ተተኩሰው በጣት ሲዳሰሱ ይሰማሉ፣ የፋብሪካው ኮድና የታሸገበት ወርና ዓመት ደግሞ በቀለም ተመትቷል። ሲከፈት ሲጋሮቹ ቀለማቸው ተመሳሳይ መሆን አለበት። መስታወት ክዳን ያለው የኩባ ኮሂባ የሚባል ነገር የለም፣ ካያችሁ ፎርጅድ ነው፣ በቃ። ደግሞም ከ2022 ጀምሮ የኮሂባ ዋጋ በየአገሩ እንዲቀራረብ ተደርጎ በጣም ስለተሰቀለ ርካሽ ኮሂባ ሲሏችሁ ቶሎ ጠርጥሩ። ትምባሆ የሚበቅልበት ቪኛሌስ ወርዳችሁ ገበሬ ቤት የምትገዙት ግን ሌላ ነገር ነው፣ ብራንድም ቀለበትም የለውም፣ ገበሬው ፊታችሁ ጠቅልሎ ጫፉን ማር ነክሮ ይሰጣችኋል፣ እኔ በጣም ነው የወደድኩት።

ቀጥሎ ሻንጣ። ሲጋር እንደ እንጀራ ነው፣ አየር ካገኘው ይደርቃል። የአውሮፕላን አየር በጣም ደረቅ ስለሆነ ዚፕ ያለው ፕላስቲክ ውስጥ እርጥበት ከሚጠብቀው ቦቬዳ ከሚባል ትንሽ ከረጢት ጋር (65 ወይም 69 የሚለውን፣ የእርጥበት ፐርሰንቱ ነው) አድርጋችሁ በጠንካራ ዕቃ የእጅ ሻንጣ ውስጥ ያዙት። አዲስ አበባ በበጋ፣ ዱባይ ደግሞ ኤሲ ስር፣ ያለዚህ በጥቂት ቀን ሽፋኑ ይሰነጠቃል። ሙቀቱ ከ24 ዲግሪ ካለፈ ደግሞ የትምባሆ ነቀዝ ሊፈለፈል ይችላል፣ መርፌ የወጋው የሚመስል ቀዳዳ ካያችሁ ከሌሎቹ ለዩት፣ ስለዚህ መኪና ውስጥ ጥላችሁ አትሂዱ። እሳት የሚተፋውን ቶርች ላይተር አውሮፕላን ላይ ይዛችሁ መግባት አትችሉም፣ የደረሳችሁበት ግዙ።

ጉምሩክ ላይ፣ ከኩባ ስትወጡ ያልታሸገ እስከ 20 ፍሬ፣ በታሸገ ሳጥን እስከ 50 ይፈቀዳል፣ ከዛ በላይ ከሆነ የሱቁን ደረሰኝ ይጠይቋችኋል፣ በሁሉም ሁኔታ ደረሰኝ አትጣሉ። አውሮፓ ህብረት ከውጭ ስትገቡ ገደቡ በአብዛኛው 50 ሲጋር ነው። ከዲሲ ወይም ከአትላንታ የመጣ ጓደኛ ካላችሁ ደግሞ እዛው አብሯችሁ አጭሶ ባዶ እጁን ይመለስ፣ አሜሪካ ከመስከረም 2020 ወዲህ ለግል የሚያዘውንም እንደገና ከልክላለች፣ ይወሰድበታል።

ማታው ደረሰ እንበል። በባዶ ሆድ በፍጹም፣ ኒኮቲኑ ያዞራል ያስመልሳል፣ የዞረበት ካለ ስኳር ያለው ነገር ስጡትና ንጹህ አየር ላይ አስቀምጡት። ቦታው ውጭ ይሁን፣ ኢትዮጵያ ውስጥም በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ለህዝብ ክፍት የሆነ ቤት ውስጥ ማጨስ ክልክል ነው፣ ህጉ ባይኖር እንኳን አጠገባችሁ ልጅ ወይም ነፍሰ ጡር ካለች አይበራም።

አቆራረጡ ላይ አትቸኩሉ። ሲጋሩ አናት ላይ በትንሽ ቅጠል የተለጠፈች ቆብ አለች፣ ከሷ ላይ 2 ሚሊሜትር ብቻ በአንድ ምት ቁረጡ፣ ወደ ታች ካለፋችሁ ሽፋኑ እንደ ሽንኩርት ይላጣል። ሳታበሩት አንዴ ሳብ አድርጉት፣ አየሩ በደንብ ካላለፈ ቀስ ብላችሁ በጣት እሹት። ቤንዚን የሚሸት ላይተር ጣዕሙን ያበላሸዋል፣ የጋዝ ላይተር ወይም ረጅም ክብሪት ይሁን፣ ክብሪቱ ድኙ ነዶ እስኪያልቅ ጠብቁ። እሳቱን ከጫፉ ዝቅ አድርጋችሁ ሳታስነኩ እያዞራችሁ አሙቁት፣ ዙሪያው ሲጠቁር አፍ ላይ አድርጋችሁ እያዞራችሁ ሳቡ፣ ከዛ ጫፉን እፍ ብላችሁ እዩት፣ ፍሙ ሙሉ ክብ ከሆነ በርቷል ማለት ነው።

ከዛ በኋላ በደቂቃ አንዴ ብቻ፣ ጭሱን አፍ ውስጥ ይዞ መልቀቅ እንጂ መዋጥ የለም። ቶሎ ቶሎ ከሳባችሁት ይግልና ይመራል፣ ለዚህ ነው ወሬ የሚያስፈልገው፣ ወሬው ራሱ ፍጥነቱን ይይዝላችኋል። አመዱን ቶሎ ቶሎ አታራግፉ፣ 2 ሳንቲሜትር ሲሆን መተርኮሻው ላይ አስነክታችሁ ተዉት። የወረቀት ቀለበቱን ማውለቅ ከፈለጋችሁ ሲጋሩ ሲሞቅ ሙጫው ይለቃል፣ ቀድማችሁ ከታገላችሁት ቅጠሉን ትቀዱታላችሁ። ከአፍ ወደ አፍ ማዞር የለም፣ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ። ከመጠጥ ሰባት ዓመት የቆየ ሩም ይስማማዋል፣ ለኔ ግን የሐረር ቡና ያለ ስኳር ይበልጣል፣ ይርጋጨፌ ጣዕሙ ስስ ስለሆነ ጭሱ ይውጠዋል።

የመጨረሻው ማታ ማሌኮን፣ የሃቫና የባህር ዳር መንገድ፣ ግንቡ ላይ ተቀምጠን ነበር፣ ባህሩ ከታች ድንጋዩን ይመታል፣ ጋሼ ደሴቷ ላይ ብርቱካን ሲለቅሙ፣ ከቤት ደብዳቤ ሲጠብቁ የነበረውን እያወሩ ሲጋሩ ሁለቴ ጠፋባቸው። ሲጠፋ ችግር የለውም፣ አመዱን አራግፉ፣ የቀረውን የቆየ ጭስ በሲጋሩ ውስጥ ወደ ውጭ እፍ በሉት፣ ከዛ እንደ መጀመሪያው አሙቃችሁ አብሩት፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከሆነ ጣዕሙ ይመለሳል፣ ካደረ ግን ተዉት። ጣታችሁ ላይ ሙቀቱ ሲሰማችሁም አትደፍጥጡት፣ ይሸታል፣ መተርኮሻው ላይ አስተኙት፣ በጥቂት ደቂቃ ራሱ ይበርዳል። የጋሼ ሶስተኛ ጊዜ ሲጠፋ ማንም አላበራላቸውም፣ ወሬው ገና የእናታቸው ደብዳቤ ጋ ነበር።